አባይ በረሃ ላይ የጣልኩት ወረቀት

ይህን ጽሑፍ ከእናንተ ቀድሞ ያነበበው ባለቤቴ ይሁኔ ነው። አንድ መስመር ብቻ አስወጣኝ። የቀረውን "እንዳለ ይሁን፤ አሁን ደግሞ ምን ይደበቃል" ብሎ መለሰልኝ። ያስወጣኝ መስመር የትኛው እንደነበር አልነግራችሁም። አንድ ነገር እንኳን ለሁለታችን ይቅርልን።

እናኑ እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ነገሩ በደረሰብኝ ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆኖን ልጅ አልወለድንም። በየዓመቱ ስለ መራቢያ አካላት የማስተምርበት ሳምንት ሲደርስ ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾኩ አይጠፉም። "ቲቸር ራሷ ክለሳ ያስፈልጋታል" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጆች ናቸው ብዬ አልፋለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ እወድቃለሁ።

ይሁኔ ደግሞ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሥራው ከብት ማዳቀል ነው። የተመረጠ የኮርማ ዘር በቀዝቃዛ ጋን ይዞ በሞተር ብስክሌት ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራል። ላሙ ኮርማ የፈለገችበት ገበሬ ይደውልለታል፣ እሱም ይደርሳል። "የወረዳው ጥጃ ሁሉ የይሁኔ ነው" እያሉ ሲቀልዱበት አብሮ ይስቃል። እንግዲህ ይህ ሰው አዲስ አበባ ተመርምረን፣ እኔ ምንም እንደሌለብኝ፣ የሱ ዘር ግን በቁጥር እጅግ ጥቂት እንደሆነ ሲነገረው ምን እንደተሰማው ገምቱት። ከክሊኒኩ ወጥተን ማረፊያችን ገባን። በሩን ዘግቶ ነው የተናገረው።

"እናኑ፣ ይህ ነገር ከኔና ካንቺ አይውጣ።"

"አይወጣም።"

"በሚካኤል ማይልኝ።"

ማልኩለት። መማሉ ቀላል ነበር፤ ኅዳር ሚካኤል በመጣ ቁጥር ነው የሚከብደው።

አማቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ስለደፉ ሁላችንም እማሆይ እንላቸዋለን። የሚኖሩት ከቡሬ መለስ ብሎ፣ ከአስፋልቱ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ገጠር ውስጥ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ይዘክራሉ፤ ጎረቤትና ዘመድ ቤታቸው ይሞላል። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ የንስሐ አባታቸው መምሬ ጥበቡ ለምርቃት ይነሱና መሃል ላይ ሲደርሱ "እናኑ የታለች?" ይላሉ። እኔም ከማድ ቤት እጄን እየጠረግሁ መጥቼ ጎንበስ እላለሁ። "ማኅፀንሽን ይፍታልሽ! ለከርሞ ክርስትና ያብላን!" ሲሉ ዳሱ በሙሉ "አሜን" ይላል። ዘጠኝ ጊዜ ጎንበስ ብያለሁ። ይሁኔም ወንዶቹ መሃል ተቀምጦ አሜን ይላል፤ ከሁሉ ጮክ ብሎ።

እማሆይ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ያላንከራተቱኝ ጸበል የለም። አንድ ጊዜ ይሁኔን ለብቻው ጠርተው "ዘርህ ሊጠፋ ነው፣ ሌላ አስብ" እንዳሉት ራሱ ነገረኝ። "ምን ብለህ መለስክላቸው?" ብዬ ስጠይቀው "ዝም አልኩ" አለኝ። ዝምታውን እንደ ውለታ እንድቆጥርለት የፈለገ ይመስል ነበር።

በመጨረሻ በሐኪም እርዳታ እንሞክር ያለው እሱ ነው፤ ላም ላይ የሚሠራው ነገር ስለሆነ አልፈራውም። ለቤተሰብ "የእናኑን ዓይን ልናሳክም ነው" ብለን አዲስ አበባ ገባን። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሆዴን በመርፌ ስወጋ ከረምኩ። መርፌው ኦቫሪን፣ ማለትም እንቁላል የሚቀመጥበትን አካል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ እንቁላል እንዲያበስል የሚያደርግ ነው። በመጨረሻ የሚወጋው ደግሞ የእርግዝና ሆርሞን ራሱ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ሊሠራኝ የነበረው እሱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አደንዝዘው በረጅም መርፌ አሥራ አንድ እንቁላል አወጡልኝ። ከይሁኔ የተገኘውን ዘር ከእንቁላሎቹ ጋር አገናኝተው እዚያው ያቆዩታል። ስነቃ ሐኪሟ አጠገቤ ነበረች።

"ከስንት ሴት አንዷን ነው የሚያጋጥማት፣ ግን መርፌ የገባበት ቦታ ውስጥ ለውስጥ ሊደማ ይችላል" አለችኝ። "እስከ ሰኞ እዚሁ እረፊ። ከባድ ነገር እንዳታነሺ። ይህን ወረቀት ከእጅሽ አትለዪው፤ የትም ብትሆኚ ለሚያገኝሽ ሐኪም ስጪው።"

ወረቀቱ ላይ ምን እንደተደረገልኝ፣ የትኛው መድኃኒት እንደተወጋሁ፣ የሚያስፈሩት ምልክቶችም ተጽፈዋል። ራስ ማዞር፣ የሆድ መነፋት፣ የትከሻ ሕመም።

ግን ቅዳሜ ሚካኤል ነው። ሰሞኑን ደግሞ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ማለት ነገ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ይሁኔ "ብንቀርስ?" አለ፤ አባባሉ ግን መልሱን ከኔ አፍ የሚጠብቅ ሰው አባባል ነበር። የበኩር ልጅ ሚስት ከዝክሩ ቀረች ከተባለ ወሬው የት እንደሚደርስ ሁለታችንም እናውቃለን። "እንሂድ" አልኩት።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ተሳፈርን። አባይ በረሃ ስንገባ ስለ ወረቀቱ ማሰብ ጀመርኩ። እኛ ዘንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሻንጣ የቤተሰብ ነው፤ ገና ከትከሻ ሳይወርድ "ምን ይዘሽልን መጣሽ?" ተብሎ ይከፈታል። የይሁኔ እህት ደግሞ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ እንዲህ ያለውን ወረቀት እንደ ውኃ ትጠጣዋለች። ይሁኔ አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል። መስኮቱን ከፈት አደረግሁና ወረቀቱን አራት ቦታ ቀድጄ ለቀቅሁት። ገደሉ ውስጥ ሲበታተን አየሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀለል አለኝ። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ ያልኳችሁ እኔው ነኝ።

መንገድ ላይ አድረን ቅዳሜ ጠዋት እማሆይ ቤት ስንደርስ ሆዴ ነፋ ብሎ ነበር፤ የመኪና ነው አልኩ። ሴቶቹ ሽር ጉድ ይላሉ፤ የይሁኔ እህት ግን ጤና ጣቢያ ተረኛ ሆና አልመጣችም። የከተማ ምራት ተቀምጣ ከታየች "ቅንጡ" ትባላለች፤ እኔ ደግሞ መካንም ቅንጡም መሆን ይበዛብኛል። ስለዚህ ቢጫውን ጀሪካን አንጠልጥዬ ምንጭ ወረድኩ። ሞልቼው አዝዬ ስመለስ ዳገቱ ላይ የቀኝ ትከሻዬን ሰቅዞ ያዘኝ። ቁጭ ብዬ አረፍኩ፤ ተነሣሁ፤ እንደገና ቁጭ አልኩ። ትከሻ! ወረቀቱ ላይ ያነበብኩት ቃል ነው። "ትከሻና ሆድ ምን አገናኛቸው፣ ጀሪካኑ ነው" ብዬ ለራሴ ዋሸሁ።

ማድ ቤት ስደርስ እማሆይ አዩኝ።

"ምን ሁነሻል ልጀ?"

"ትከሻዬን ነው፣ እማሆይ። ውኃው ከበደኝ መሰለኝ።"

"ወለም ብሏት ይሆናል! እስቲ አያ ታፈረን ጥሩልኝ!"

አያ ታፈረ የአገሩ ወጌሻ ናቸው። ቅቤ ለቅልቀው ትከሻዬን አሹኝ፣ ክንዴን ወደ ላይ ጎትተው አንድ ጊዜ ቀጭ አደረጉት። ዓይኔ ጨለመብኝ።

"ተቦታዋ ሸሽታ ነበር፤ መለስኳት። አሁን ቀለለሽ?" አሉኝ።

"ቀለለኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ሆዴን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ተበላ፣ ተጠጣ። ወጥ አወጣለሁ። አፌ ይደርቃል፣ ውኃ እጠጣለሁ፣ መልሶ ይደርቃል። ይሁኔ በዳሱ በር በኩል አየት አድርጎኝ በዓይኑ "ደህና ነሽ?" አለኝ። በዓይኔ "ደህና ነኝ" አልኩት። ከዚያ የመምሬ ጥበቡ ድምፅ መጣ።

"እናኑ የታለች?"

ሄድኩ። ጎንበስ አልኩ። "ማኅፀንሽን..." ሲሉ ሰምቻለሁ። አሜኑን ግን አልሰማሁም።

የሚቀጥለው በከፊል የነገሩኝ፣ በከፊል በጭጋግ ውስጥ ሆኜ የሰማሁት ነው። በምርቃት መሃል ስወድቅ ሰው ሁሉ ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ ማኅፀኔን የዘጋው መንፈስ መስቀሉን ሲያይ ጣላት አሉ። ጸበል ፊቴ ላይ ተረጨ። መስቀል ግንባሬ ላይ ተጫነ። "ማነህ? ስምህን ተናገር! ልቀቃት!" ይሉኛል። እኔ ልናገር እፈልጋለሁ፤ ምላሴ አይታዘዝም። ሴቶቹ "አለቀቃትም፣ አለቀቃትም" ይላሉ። ደሜ ሆዴ ውስጥ ይፈሳል፣ በላይ በላዩ ጸበል ይፈሳል። ይሁኔ ግራ ገብቶት ቆሟል። ሐኪሟ ያለችውን አብሮኝ ሰምቷል፤ ግን አፉን ከከፈተ "ምን አውቀህ?" ይባላል።

ያዳኑኝ እማሆይ ናቸው። ሰውን ገፍተው መጥተው የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣታቸው ገለጥ አደረጉት።

"ተዉ!" አሉ። "አባ፣ ይፍቱኝ፣ መንፈስ አደለም ይኸ። የኔዋ ታናሽ ልጅ በወሊድ ስትሞትብኝ ዓይኗ እንዲህ ነጥቶ ነበር። ይቺ ልጅ ደም የለባትም። ቃሬዛ አምጡ!"

ሁለት አጣና ላይ ጋቢ አስረው ጫኑኝ። ወቅቱ አጨዳ ነው። ጤፍ የሚያጭዱ ሰዎች ቃሬዛ ሲያዩ ማጭዳቸውን እየጣሉ ይመጣሉ፤ "እኔን፣ እኔን" እያሉ ትከሻ ይቀይራሉ። ያንን አንድ ሰዓት መንገድ ስንት ሰው እንደተሸከመኝ አላውቅም። አንዱ "የማን ናት?" ሲል "የይሁኔ ሚስት፣ ያቺ መካኗ" ሲባል ሰምቻለሁ። በዚያ ሁኔታዬ እንኳን አልዘለለኝም። አስፋልቱ ላይ አንድ ሚኒባስ ሰው አውርዶ ጫነን።

ሆስፒታል እንደገባን ደም ቀዱ፣ ሆዴን በአልትራሳውንድ አዩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሲናገር ይቸኩላል። ይሁኔና እማሆይ አልጋዬ አጠገብ ቆመዋል።

"ሆዷ ውስጥ ብዙ ደም አለ። የእርግዝና ምርመራዋም አለ ብሏል" አለ። "ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ፈንድቶ ነው የሚመስለው።"

እማሆይ ከሰሙት ሁሉ አንዱን ቃል ብቻ ያዙ። "እርጉዝ? እናኑ? የኔ አካል፣ እርጉዝ ናት?"

"እናቴ፣ ፅንሱ አይተርፍም። እሷን ለማትረፍ ነው የምንሮጠው።"

እማሆይ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። "ሚካኤል፣ ዘጠኝ ዓመት ለምኜህ፣ በሰጠኸኝ ቀን ትወስደው?" ይላሉ። ለሌለ ልጅ ሲያለቅሱ ማየት ከሕመሙ ይብስ ነበር።

ሐኪሙ ወደ ይሁኔ ዞረ። "ሁለቱም ኦቫሪዎቿ ከመጠን በላይ አብጠዋል። ዕጢም ሊኖር ይችላል። ስንከፍት እናያለን፤ ካስፈለገ እናወጣቸዋለን። እዚህ ላይ ይፈርሙ።"

እኔ አውቃለሁ። ምርመራው ያገኘው ያንን የመጨረሻውን መርፌ ነው። ያበጠው በመድኃኒቱ ነው። ይሁኔም ያውቃል፤ ሥራው ነውና። ስክሪብቶውን ይዞ እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ መሬቱን አየ።

ጠበቅሁት። አንድ ደቂቃም አይሞላ ይሆናል። በሕይወቴ እንደዚያ የደከመኝ ጊዜ የለም። ዘጠኝ ዓመት ጎንበስ ማለቱ፣ ጸበሉ፣ የተማሪዎቹ ሳቅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተጫነኝ። የምሞትበት ምስጢር የራሴ እንኳን አልነበረም። ይሁኔ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መፈረም ጀመረ።

የሐኪሙን ጋውን ያዝኩ። ጎንበስ አለልኝ።

"እርጉዝ አይደለሁም" አልኩት።

"ምርመራው..."

"የመርፌው ነው። ሐሙስ አዲስ አበባ እንቁላል አስወጥቻለሁ። እብጠቱ የመድኃኒቱ ነው። ዕጢ አይደለም። እንዳታወጡብኝ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "የሰጡሽ ወረቀት የታለ?"

"ጣልኩት።"

እማሆይ ከመሬት ተነሡ። "ምን አስወጣሁ ነው የምትል? ሐሙስ ዓይኗን አልነበር የምትታከም?"

"ልጅ ለማግኘት ነው፣ እማሆይ። ሐኪም ጋ ሄጄ ነው።" መሐላዬን አሁንም ማፍረስ አልቻልኩም። "መውለድ ስላቃተኝ" አልኩ።

ይህን ስል ይሁኔ ፊርማውን አቋረጠ።

"አይደለም" አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። "እሷ ምንም የለባትም፣ እማ። እኔ ነኝ። ጉድለቱ የኔ ነው። እንዳትናገሪ ብዬ በሚካኤል ያስማልኳት እኔ ነኝ።"

እማሆይ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"እሷን በየጸበሉ ሳንገላታ አንተ ታውቅ ነበር?"

"ካወቅሁ አራት ዓመት ሆነኝ።"

"አሜን ትል ነበር?"

"እል ነበር፣ እማ።"

እማሆይ ጀርባቸውን ሰጡት። ወደ ራስጌዬ መጥተው ጸበል ያረጠበውን ፀጉሬን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁልኝ። "አሁን ግቢ፣ ልጀ። ዳኝና ተመለሽ፤ ያን ጊዜ እኔን ትወቅሽኛለሽ" አሉኝ።

የክሊኒኩ ስልክ ይሁኔ ጋ ነበር። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቆርጦ በአራተኛው ገባ፤ ሐኪሙ ከሐኪሟ ጋር እየተነጋገረ እኔን በአልጋ ገፉኝ። ደም ያስፈልጋል ሲባል ከቃሬዛው ጋር የመጡት ወንዶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ተሰለፉ። አያ ታፈረም ተሰልፈው ነበር አሉ፤ በዕድሜያቸው ምክንያት ሲመልሷቸው ተቆጥተዋል።

በማግስቱ ሐኪሙ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠ። ሁለት ሊትር የሚሆን ደም ከሆዴ አውጥተዋል። ደሙ የሚመጣው ቀኝ ኦቫሪዬ ላይ ካለች አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ነበር። ሰፏት፣ ሌላ ምንም አልነኩም። "ባትነግሪን ኖሮ..." ብሎ ጀመረና ተወው።

አንባቢዎቼ፣ ሰው ሆስፒታል ደርሶ ሲመለስ አዲስ ሰው ሆኜ ተነሣሁ ሲል እሰማለሁ። እኔ የተነሣሁት ደክሞኝ ነው። ለወራት ደረጃ ስወጣ አርፍ ነበር። ይሁኔን ይቅር ብለሽዋል ወይ ብትሉኝ፣ አንዳንድ ቀን ብያለሁ፣ አንዳንድ ቀን ያ የፊርማ ወረቀት ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል። ራሴን ይቅር ማለቱ ደግሞ ይብስብኛል፤ የተማርኩትን ነገር ለሰው አፍ ብዬ ገደል ለቅቄዋለሁና። ይህን ሕክምና የምታደርጉ እህቶቼ፣ አትፍሩት። የኔ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ግን እረፉ ያሏችሁን ቀን እረፉ። ወረቀቱን ያዙ፤ ማን ያንብበው ብላችሁ አትጣሉት። ትከሻችሁን ካመማችሁ ወጌሻ አትጥሩ። ቢያንስ አንድ ሰው፣ ስትወድቁ አጠገባችሁ የሚሆን አንድ ሰው፣ እውነቱን ይወቅ።

ከአሥራ አንዱ እንቁላል ሦስቱ ሽል ሆነው አዲስ አበባ ተቀምጠዋል፤ ይሁኔ በሞተሩ የሚያዞረውን በመሰለ ቀዝቃዛ ጋን ውስጥ። እንሄዳለን። መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ድካሙ ሲለቀኝ ይሆናል።

ዓመቱ ዞሮ ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። እማሆይ "ዘንድሮ ማድ ቤት እንዳላይሽ" ብለውኝ ከሴቶቹ ጋር ዳሱ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ተበላ፣ ተጠጣ። መምሬ ጥበቡ ለምርቃት ተነሡ። ባለፈው ዓመት የሆነውን ያውቃሉ፤ በሆስፒታሉ የተባለውን ግን እማሆይ ለማንም አልተናገሩም ነበር። እንደ ልማዳቸው መሃል ላይ ሲደርሱ ዙሪያቸውን ቃኙ።

"እናኑ የታለች?"

እግሬ ለምዶበት ተነሣሁ። ጎንበስ ከማለቴ በፊት ከወንዶቹ መሃል አንድ ሰው ተነሥቶ ሲመጣ አየሁ፤ ይሁኔ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ከፊቴ ተንበረከከ።

"አባ፣ እሷን አይደለም፤ እኔን ይመርቁኝ" አለ። "ምርቃቱ የጎደለው ለኔ ነው። እሷ ምንም የለባትም።"

በጥጃው የሚቀልዱበት ሰዎች ሁሉ እዚያው ተቀምጠዋል። ጆሮዎቹ ቀልተው አያቸዋለሁ፤ አንገቱን ግን አላነሣም። መምሬ ጥበቡ ግራ ገብቷቸው ወደ እማሆይ ዞሩ።

"ይመርቁት እንጂ አባ፣ ምን ይጠብቃሉ?" አሉ እማሆይ።

መስቀሉ ጭንቅላቱ ላይ አረፈ። ምርቃቱ ያው የዱሮው ነው፤ ለከርሞ ክርስትና ያብላን። ሲጨርሱ ሰው ሁሉ ደንግጦ ስለነበር መልሱ ዘገየ።

"አሜን" አልኩ እኔ፤ ከሁሉ ጮክ ብዬ።